ስለ አሮጌ የቪዲዮ ጨዋታ የገበያ ዋጋ

በዚህ ገጽ ስለ ቡና፣ ስለ ሰሊጥና ስለ ቆዳ ዋጋ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ የምናነሣው ዕቃ ግን በሚዛን የማይመዘን፣ በሜትርም የማይለካ፣ ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት ያለፈ የልጆች መጫወቻ ነው። «ነጋዴን ከመጫወቻ ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ እኔም ጉዳዩ በደብዳቤ ተጽፎ ከጠረጴዛዬ ላይ እስኪያርፍ ድረስ እንደዚሁ እል ነበር።

በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም ወደ አሜሪካ ይልካሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ሱቅ ያላቸው አንድ ደንበኛችን 4,200 ዶላር ሳይከፍሉን ቆዩ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ደብዳቤ መጣ። ደንበኛችን ጥሬ ገንዘብ ስለ ቸገራቸው በዕዳው ፈንታ «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ» የተባለ አሮጌ የቪዲዮ ጨዋታ ከነሣጥኑ ሊሰጡን አሰቡ። የዚህ ጨዋታ አንድ ቅጂ በሐራጅ 870,000 ዶላር እንዳወጣ ገልጸው፣ እርሳቸው ግን ስለ ወንድምነት በ4,000 ዶላር ብቻ እንደሚያስቡልን ጻፉ። ለማስረጃም የጋዜጣ ወሬ አያያዙ። አሠሪዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «ነገሩ እውነት ከሆነ እኛ ነን የምንበድላቸው፤ እስቲ አጣራው» ብለው ሰጡኝ። የደረስሁበትን ለአንባብያን ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ወሬው እውነት ነው። ጨዋታውን የሠራው በኪዮቶ ከተማ የሚገኘው የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ ሲሆን፣ በ1986 በጃፓን፣ በ1987 በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ሊንክ የተባለ ጐበዝ በምናብ በተፈጠረ አገር ውስጥ ዋሻ ለዋሻ እየዞረ፣ ከጭራቅ ጋራ እየተዋጋ፣ ዜልዳ የተባለችውን ልዕልት ነጻ የሚያወጣበት ተረት ነው። በአሜሪካ የተሸጠው ካርትሪጅ፣ በኛ አገር ብዙ ሰው ካሴት የሚለው፣ ወርቅማ መልክ ተሰጥቶት ነበር፤ ሣጥኑም ይኸው መልክ ከውጭ እንዲታይ በአንድ በኩል ተቈርጦ መስኮት ወጥቶለታል። ወርቁ ቀለም ነው እንጂ ማዕድን አይደለም። ይህን መጻፌ በቢሯችን ያለ አንድ ባልደረባዬ ስንት ግራም እንደሚመዝን አጥብቆ ስለ ጠየቀኝ ነው።

በጁላይ 2021 በዳላስ ከተማ የሚገኘው ሄሪቴጅ የተባለ የሐራጅ ቤት የዚህን ጨዋታ አንድ ቅጂ በ870,000 ዶላር ሸጠ። በዚያው ሐራጅ ከሁለት ቀን በኋላ «ሱፐር ማሪዮ 64» የተባለ ሌላ ጨዋታ 1,560,000 ዶላር አወጣ። እዚህ ላይ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባዋል። በጋዜጣ የሚወጣው ቍጥር ገዥው ለሐራጅ ቤቱ የሚጨምረውን ኮሚሽን ያካተተ ነው። ኮሚሽኑ 20 በመቶ ሲሆን፣ መዶሻው የወደቀው በ725,000 ዶላር ነው፤ የቀረው 145,000 ዶላር የሐራጅ ቤቱ ነው። ስለዚህ ያ ኹሉ ገንዘብ በሻጩ እጅ ገባ ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይህ ጨዋታ በዓለም ላይ ከ6 ሚሊዮን ተኩል በላይ ቅጂ ተሸጧል። እንዲህ የበዛ ዕቃ እንዴት ብርቅ ሊሆን ቻለ? መልሱ ብርቅ የሆነው ጨዋታው አለመሆኑ ነው። በዳላስ የተሸጠው ቅጂ ከፋብሪካ እንደ ወጣ የታሸገበት ስስ ላስቲክ ያልተነካ፣ አንድም ልጅ ያልከፈተው ነበር። የደረጃ መዳቢ ድርጅት መርምሮ ከ10 ነጥብ 9 ሰጥቶታል፤ በጠንካራ የፕላስቲክ መያዣም ዘግቶበታል። ከዚህም በላይ የሣጥኑ ኅትመት በ1987 መጨረሻ ላይ ለጥቂት ወራት ብቻ ከወጣው፣ በኋላ ከተለወጠው ዐይነት ነበር። መጫወቻ የሚገዛው ሊከፈት ነው፤ ለሠላሳ አራት ዓመት ሳይከፈት የኖረ ጥቂት ነው። የገዛው ሰብሳቢም ዋጋ የከፈለው ለዚህ ጥቂትነት ነው። ያው ጨዋታ ካለ ሣጥን፣ ካርትሪጁ ብቻውን ሲሸጥ ግን ጥቂት ዐሥር ዶላሮች ያወጣል። ከአንድ ማሳ የተለቀመ ቡና አንዱ አንደኛ ደረጃ፣ አንዱ ግርድ እንደሚሆን የምናውቅ ሰዎች ይህ ሊያስደንቀን አይገባም፤ ልዩነቱ በቡና ላይ እንዲህ ያለ ገደል አለመሆኑ ብቻ ነው።

ስለ ኅትመቱ ጥቂት ልጨምር። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ዓመት ዕቃው የታተመበት ዓመት ላይሆን ይችላል። አባቶቻችን ይህን ከጠገራ ብር ተምረውታል፤ በማርያ ቴሬዛ ምስል ላይ የተቀረጸው 1780 የሚለው ዘመን ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ለብዙ ዘመን፣ በብዙ አገር በተመታው ብር ኹሉ ላይ ሳይለወጥ ቀርቷል። ዘመኑን ብቻ አይቶ የቀደመውን ከኋለኛው መለየት አይቻልም፤ ጠርዙንና ጥቃቅን ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በጨዋታውም ሣጥን ላይ የመጀመሪያው ኅትመት የሚለየው በማኅተሙ ቅርጽና በአንዲት ፊደል ነው።

የተከፈተ ዕቃ ደግሞ በሙሉነቱ ይመዘናል። ሣጥኑ፣ የማብራሪያው መጽሐፍና ካርታው አብረው መገኘት አለባቸው፤ ካርቶን ተቀዳዶ ስለሚጣል ብዙ ጊዜ ከካርትሪጁ ይልቅ ባዶው ሣጥን ይወደዳል። በካርትሪጁ ውስጥ ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ የምታስታውስ ትንሽ ባትሪ አለች፤ ዕድሜዋ ሲያልቅ በብየዳ ትለወጣለች፤ አንዳንድ ሰብሳቢ ግን የተነካካ ዕቃ አይወድም። አስመስሎ የተሠራ ካርትሪጅና እንደገና በላስቲክ የተጠቀለለ ሣጥንም በገበያው ውስጥ ሞልቷል። ላስቲክ መጠቅለያ መኪና ውድ ዕቃ አይደለም።

ቅጂው በእውነት ጥቂት የሆነ ጨዋታም አለ። «ፓንዘር ድራጎን ሳጋ» የተባለው በ1998 ለሴጋ ሳተርን በአራት ዲስክ ወጣ። መሣሪያው በአሜሪካ ገበያ ሊሞት ሲል ስለ ደረሰ በጥቂቱ ታተመ፤ በኋላም እንደገና አልወጣም። ዜልዳን መጫወት የሚፈልግ ሰው ኩባንያው ደጋግሞ በአዳዲስ መሣሪያ ስላወጣው በርካሽ ያገኘዋል፤ ይህኛውን በሕጋዊ መንገድ የሚፈልግ ግን አሮጌውን ዲስክ ከመግዛት በቀር መንገድ የለውም፤ ለተከፈተው ቅጂ እንኳ በመቶዎች የሚቈጠር ዶላር ይከፍላል። ለኔ እንዲህ ያለው ዋጋ ከዳላሱ ይልቅ ጽኑ መሠረት ያለው ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ወደ ደብዳቤው ተመለስሁ። ደንበኛችን ኢቤይ ከተባለው ገበያ ላይም ሦስት ዋጋ ጠቅሰው ነበር። ሦስቱም ሻጮች የጠየቁት እንጂ ገዥ የከፈለው አልነበረም። በዚያው ገበያ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል፤ መርካቶ የሚውል ሰው ኹሉ እንደሚያውቀው የተጠራው ዋጋና የተቈረጠው ዋጋ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም። የ2021 ዋጋም ቢሆን የዚያን ዓመት ትኵሳት የያዘ ነበር። በኋላ የታሸጉ ጨዋታዎች ዋጋ በብዙው ወርዷል፤ በ2022ም አንዳንድ ሰብሳቢዎች ገበያው ሆን ተብሎ ተንሯል ሲሉ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በደረጃ መዳቢው ድርጅት ላይ ክስ አቅርበዋል።

ፎቶግራፍ እንዲላክልን ጠየቅን። መጣ። ላስቲክ የለውም፤ የሣጥኑ አንድ ጥግ ተጨፍልቋል፤ መጽሐፉ አለ፣ ካርታው የለም። በካርትሪጁ ጀርባ አንድ ልጅ ስሙን በእስክሪብቶ ጽፎበታል። ይህ ጽሕፈት ዋጋውን እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከፎቶግራፎቹ ኹሉ ረዘም ላለ ጊዜ ያየሁት ያንን ነው። በዚያው ወር ከተሸጡት መሰሎቹ ጋራ ሳስተያየው ከ200 ዶላር የሚያልፍ አልሆነም።

ዕቃው 4,000 ዶላር ቢያወጣም እንኳ ልንቀበለው አንችልም ነበር፤ የኤክስፖርት ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ በባንክ በኩል እንዲገባ ደንቡ ያስገድደናል፤ ባንኩም በካርትሪጅ ሒሳብ አይዘጋም። ስለዚህ በአሠሪዬ ትእዛዝ እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «ክቡር ወንድማችን፣ ስላሳዩን ቅን ሐሳብ እናመሰግናለን። ዕቃውን በዚያው ባሉበት ገበያ እንዲሸጡልን፣ ከወጪ ቀሪ የሚገኘውንም በባንክ እንዲልኩልን እንለምናለን። ከ4,000 ዶላር በላይ ቢያወጣ ከዕዳው የተረፈው የርስዎ ነው፤ ቢያንስ ግን ከዕዳው የምንቀንሰው የተገኘውን ያህል ብቻ ይሆናል።»

ሦስት ሳምንት ዝም አሉን፤ እንደ ተቀየሙ ተረዳን። በአራተኛው ሳምንት በስልክ ደውለው ጨዋታው ከኮሚሽንና ከፖስታ ወጪ ሌላ 118 ዶላር ማውጣቱን ነገሩን፤ የቀረውን 4,082 ዶላር በአራት ጊዜ ለመክፈል ተስማሙ። እስከ ዛሬ ሁለቱ ክፍያዎች ገብተዋል፤ ሦስተኛው በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ይጠበቃል።