በጎልማሳነት ሙያ መለወጥ፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ትምህርትና የኅሊና ኃላፊነት

(ለቁምስና የጥናት ቡድኖችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ)



ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሰሜን ወሎ በቆየባቸው ወራት መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጠው እንደ ነበር ከወልድያ እስከ መርሳ፣ ከመርሳ እስከ ግራና ያለው ሕዝብ አይዘነጋውም። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ከንብረቱ ጋር ሙያውንም አጣ። ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴ፣ የስፌት መኪናው የተወሰደበት ልብስ ሰፊ፣ ሰላም ከተመለሰ በኋላ “በዚህ ዕድሜዬ ከእንግዲህ ምን ልሥራ?” እያለ ራሱን ጠየቀ። ይህ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱን፣ ይኸውም በጎልማሳነት የኤሌክትሪክ ሥራን መማርን፣ ይመለከታል።

1. የአንድ ልብስ ሰፊ ታሪክ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በምኖርበት ቤት ምግብ የሚያዘጋጁልን እናት “አባ፣ ምጣዱ ይነዝረኛል” አሉኝ። እኔም ነገሩን አቅልዬ፣ “እጅዎ እርጥብ ሆኖ ይሆናል፤ ጫማ አድርገው ይጋግሩ” ብዬ አለፍሁ። ከሳምንት በኋላ ምጣዱ አጠገብ ወድቀው ተገኙ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ፤ እኔ ግን ያን ቃሌን እስከ ዛሬ በጸጸት አስታውሰዋለሁ።

ቤቱን ለመመርመር የመጣው ባለሙያ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበር። የሶኬቱን ክዳን በካቻቢቴ ፈትቶ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ፣ “አባ፣ እዚህ ሦስት ሽቦ መሳብ ነበረበት፤ የተሳበው ሁለት ብቻ ነው። የመሬቱ ሽቦ የለም” አለኝ። ግድግዳው በደንብ ተለስኖ ቀለም የተቀባ ስለ ነበር፣ ጉድለቱን ያየ ሰው አልነበረም።

ይህ ሰው ከጦርነቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። መኪናዎቹን ካጣ በኋላ በመጀመሪያ ለአንድ አዛውንት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቱቦ እየቀበረና ሽቦ እየሳበ ረዳት ሆነ፤ ቀጥሎም በማታው ክፍለ ጊዜ ትምህርት ቤት ገባ። “በመጀመሪያው ቀን አስተማሪው ወላጅ መስዬው ‘ማንን ፈልገው ነው?’ አለኝ። በልጄ እኩዮች መካከል ሄጄ ስቀመጥ ላብ አጠመቀኝ” ሲል አጫወተኝ። እርሱ በሚማርበት ጊዜ ቤቱን ያቆየችው እንጀራ እየጋገረች የምትሸጠው ባለቤቱ ነበረች።

የሙያ ብቃት ምዘናውን በመጀመሪያ ሲወስድ ወደቀ። አሠራሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ኃይሉ መቋረጡን በቴስተር ሳያረጋግጥ እጁን ወደ ሽቦው ስለ ሰደደ መዛኙ ሥራውን አስቆመው። “በዚያን ዕለት ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ግን ሕይወቴን ያተረፈልኝ ያ ሰው ነው እላለሁ” አለኝ። በሁለተኛው ምዘና አለፈ።

2. ስለ ሙያው ልናውቅ የሚገባን

በሀገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ኃይል 220 ቮልት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት የሚወስድ ቢሆን፣ ይህ ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ይሆናል። ለአምፖል መስመር የሚሳበው ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በተለምዶ በ10 አምፔር ብሬከር የሚጠበቅ ነው። ምጣዱን በዚህ መስመር ላይ የሚቀጥል ሰው ብሬከሩ ሲወድቅበት፣ ሽቦውን ከመለወጥ ይልቅ ብሬከሩን በትልቅ የለወጠ እንደ ሆነ፣ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ እየጋለ ልባሱ ይቀልጣል፤ ቃጠሎም ይነሣል። ስለዚህ ምጣድ ከቆጣሪው ማከፋፈያ ሳጥን የሚነሣ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል።

የመሬት ሽቦ ጥቅምም እንዲህ ነው። የጋለው ሽቦ ልባሱ ተልጦ የምጣዱን ብረት የነካ እንደ ሆነ፣ ኃይሉ በመሬቱ ሽቦ በኩል ወርዶ ብሬከሩን ይጥላል። የመሬቱ ሽቦ ከሌለ ግን ብረቱ ኃይል እንደ ያዘ ይቆያል፤ የነካው ሰው ሰውነትም የኃይሉ መንገድ ይሆናል። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነ ፍሰት በሰውነት ውስጥ ካለፈ የልብን ምት አዛብቶ ሊገድል ስለሚችል፣ በዚህ መጠን ፍሳሽ ሲኖር በቅጽበት የሚያቋርጥ ልዩ መከላከያም አለ። ይህ መከላከያ ለመሬቱ ሽቦ አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም።

ሠራተኛውም ራሱን የሚጠብቅበት ሥርዓት አለ። ኃይሉን ያቋርጣል፤ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው ሳጥኑን ይቆልፋል፤ ቴስተሩን ኃይል ባለበት ቦታ ይሞክራል፤ ከዚያም የሚሠራበትን ሽቦ ይፈትሻል፤ በመጨረሻም ቴስተሩ በመካከሉ አለመበላሸቱን ለማወቅ ኃይል ባለበት ቦታ እንደገና ይሞክረዋል። ልብስ ሰፊው በመጀመሪያው ምዘና የዘለለው ይህን ነበር።

3. “ጊዜዬ አልፏል” ለሚሉ

የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተመሠረተበትን ሕግ ያገኘው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በመጀመሪያ ሙያው መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። በ14 ዓመቱ በጥረዛ ሥራ ተቀጥሮ ሰባት ዓመት ከተማረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1813 በአንድ የሳይንስ ተቋም በረዳትነት እንደ ገና ከታች ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1831 በሽቦ ጥቅልል አጠገብ የሚንቀሳቀስ ማግኔት ኤሌክትሪክ እንደሚያስገኝ ገለጠ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድባችንም 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅሙን ያገኘው በዚሁ ሕግ በሚሠሩ መሣሪያዎች ነው።

የቀደመ ሙያም ከንቱ አይቀርም። ልብስ ሰፊው፣ “ልክ ሳይወስዱ መቀስ አለማንሣትን ከጨርቅ ተምሬ መጥቻለሁ” ይላል። ገበሬም ቢሆን፣ ነጋዴም ቢሆን፣ ትዕግሥትንና ከሰው ጋር መግባባትን ይዞ ይመጣል፤ እነዚህን ወጣቱ ገና ይማራቸዋል።

ሌላው መሰናክል ይሉኝታ ነው። በሀገራችን የእጅ ባለሙያን መናቅ የቆየ በሽታ ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል።

የመግቢያው በርም ለጎልማሳ የተዘጋ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ፣ ሰው ሙያውን በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ላይ ቢያገኘው፣ ተመዝኖ ብቃቱ እንዲረጋገጥለት ፈቅዷል። ነገር ግን ጥቂት አይቶ “ባለሙያ ነኝ” የሚል ሰው ለራሱም ለሰውም አደጋ ነው። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” የሚለው ምሳሌያችን ለዚህ ሙያ እጅግ ይስማማል። ደግሞም ቤት ማስመር የሚችል ሁሉ፣ በቆቦና በግራና ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የሚስቡትን ባለ ሦስት ፌዝ ፓምፖች ይጠግናል ማለት አይደለም፤ ለዚያ ከፍ ያለ ሥልጠና ያስፈልጋል።

4. የተሰወረው ሽቦ

የአናጢ ሥራ ይታያል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ግን በልስን ይሸፈናል። የመሬቱን ሽቦ ያስቀረው ሰው ያተረፈው ጥቂት ብር ነው፤ ባለቤቱም አምፖሉ ስለ በራ አመስግኖ ሸኝቶት ይሆናል። ዕዳው የተከፈለው ከዓመታት በኋላ፣ ሠራተኛውን አይተው በማያውቁ በአንዲት እናት አካል ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ሥራ ለሰው እንጂ ሰው ለሥራ እንዳልተፈጠረ አስተምረዋል። ሥራችን የሚጠብቀውን ሰው ባናየውም፣ ያ ሰው አለ።

እኛ አሠሪዎችም ከበደሉ ነጻ አይደለንም። ዋጋ እንዲቀንስልን ስንጨቀጭቅ ምን እንደሚቀር አንጠይቅም፤ “ይነዝረኛል” ሲሉንም አንሰማም። የእኔ በደል ይህ ነበር።

5. ለመምህራን የቀረበ ምክር

ሙያ ሊለውጥ የሚያስብ ጎልማሳ ሲያማክራችሁ፣ “በርታ” ብላችሁ ብቻ አትሸኙት። ትምህርቱ እስኪያልቅ ቤተ ሰቡ በምን እንደሚኖር ከባለቤቱ ጋር ተመካክሮ እንደ ሆነ ጠይቁት። ከመመዝገቡ አስቀድሞ ከአንድ የታወቀ ባለሙያ ጋር ጥቂት ሳምንታት ሠርቶ ሙያውን እንዲፈትን ምከሩት። ቢወድቅም እንዲመለስ አደፋፍሩት።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችን ሙያቸውን ያጡ ጎልማሶች እነማን ናቸው? ቁምስናችን በትምህርት ጊዜያቸው ቤተ ሰባቸውን እንዴት ሊደግፍ ይችላል?

ለ. በየቤታችን የመሬት ሽቦ መኖሩን አስመርምረናልን? በጸሎት ቤታችንስ?

ሐ. በእኛ ሙያ “በግድግዳ ውስጥ የተሰወረው” ሥራ የትኛው ነው?