የፕላስቲክ ሳክስፎን ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኩታበር ነው፤ ሠርግ ላይ እጫወታለሁ። የናሱ ሳክስፎን ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ያገለገለ የፕላስቲክ አልቶ ሳክስፎን አግኝቻለሁ፤ አምባሰልን በወጉ ያወጣልኛል?

መልስ፦ ደህና ከሆነ ያወጣልዎታል። ድምፁን የሚወልዱት በትንፋሽዎ የምትርገበገበው ሪድ፣ ማለትም የሸምበቆዋ ቁራጭ፣ እና ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ናቸው፤ ቱቦው ከምን ተሠራ የሚለው ድርሻው ትንሽ ነው። የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር በ1953 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ የተጫወተው ግራፍተን በተባለ የፕላስቲክ አልቶ ነበር። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲያሰሙ ለሰማ ሰው፣ ትንፋሽ ምን ያህል እንደሚናገር ግልጽ ነው።

ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ አንገት አይጎትትም። ሲወድቅ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁም እንደ ናስ አይበየድም። ከመግዛትዎ በፊት ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ መብራት ወደ ቱቦው ያስገቡና ቁልፎቹን ሁሉ ይዝጉ። ብርሃን ካፈተለከ አየርም ያፈተልካል፤ ወፍራሞቹ ድምፆች እምቢ የሚሉት በዚህ ነው። እባክዎ ክፍተቱን በሙጫ አይድፈኑት፤ የትንፋሽ መሣሪያ ለሚጠግን ባለሙያ ያሳዩት።