ሮኬቱን የት እንያዘው? ለቀለም ቅብ የሚሆን መቆሚያ በቤት ሲሠራ



ባለፈው ክረምት ለእረፍት አሊዩ አምባ የወረድን የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከሰፈር ልጆች ጋር የውሃ ሮኬት ስንሠራ ነበር። ያላያችሁት ካላችሁ፣ የውሃ ሮኬት ማለት ሲሶው ድረስ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። በብስክሌት መንፊያ አየር ይታመቅበታል፤ ሲለቀቅ ውሃው በአፉ ወደ ታች ይወጣል፣ ጠርሙሱ ወደ ላይ ይወነጨፋል። ጠርሙሱ የግድ የለስላሳ መሆን አለበት። የለስላሳው የጋዝ ግፊት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የታሸገ ውሃው ግን ስስ ስለሆነ ይፈነዳል።

አንዱ ልጅ "የኢትዮጵያ ሮኬትስ የታል?" ብሎ ጠየቀን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት የኛ ናት፣ ከእንጦጦ ጣቢያ ነው የተከታተልናት፣ ተሸክሟት የወጣው ግን የቻይናው ሎንግ ማርች 4ቢ ነው አልነው። ቅር አለው። "እንግዲያው ይሄኛው የኛ ነው" ብሎ ወደ ጠርሙሱ ዞረ።

ስለ ሮኬቱ አሠራር ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ እንጽፋለን። የዛሬው ትምህርት ብዙዎቻችን ስለምንንቀው ነገር ነው፦ ሮኬቱ ቀለም ሲቀባ በምን ላይ ይቁም?

ቀለሙን ለጌጥ አልፈለግነውም። የመጀመሪያው ሮኬታችን ምንም ቀለም ያልነካው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠርሙስ ነበር። አንድ ጊዜ በጥሩ ሁኔታ ወጣና ከሰው ቁመት በላይ የቆመ የማሽላ ማሳ ውስጥ ገባ። ከዐስር እስከ መግሪብ ፈልገን አጣነው። የሁለት ሊትር ጠርሙስ እኛ ሰፈር እንደልብ አይገኝም፤ ያንን ጠርሙስ ያመጣው ልጅ ከአንድ ሠርግ ቤት ለምኖ ያገኘው ነበርና ማታ ፊቱን ማየት ከበደን። የቀረን አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን አንዲት ብርቱካናማ ስፕሬይ ቀለም አስመጣን፤ ማሽላው አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ከብርቱካናማ የተሻለ የለም።

ከዚያ ስህተት በስህተት ላይ ሆነ። መጀመሪያ አንዳችን የጠርሙሱን አንገት በእጁ ይዞ ሌላው ረጨ። የጣት አሻራ በጣት አሻራ ሆነ፣ የያዘውም ሰው እስከ ክንዱ ብርቱካን መሰለ። ቀጥሎ አንዲት ቁራጭ ጣውላ ላይ ዱላ አቁመን ጠርሙሱን ሰካንበት። የከሰዓቱ ነፋስ ሲነሣ ሮኬቱ እርጥብ ቀለሙን እንደያዘ ተገለበጠ፤ አፈርና ገለባ ለበሰ። ቀለሟ ተጋምሳለች።

መፍትሔውን ያገኘነው መድረሳ ከሚቀራ ልጅ ነው፤ እሱ ራሱ አላወቀም እንጂ። ሉሑን አጥቦ፣ በእጀታው ይዞ መጣና ግድግዳ አስደግፎት ሄደ። ሁላችንም በልጅነታችን ያደረግነው ነገር ነው፣ ግን በመሐንዲስ ዐይን አይተነው አናውቅም። ሉሕ እጀታ ያለው እጃችን ጽሑፉን እንዳይነካው ነው። ግድግዳ ላይ ሲደገፍም በታች ጠርዙና በላይ ጫፉ ብቻ ስለሚነካ ሁለቱም ፊት አየር ያገኛል፣ ቶሎ ይደርቃል። በነገራችን ላይ በዐረብኛ ቀለም ማለት መጻፊያው ብዕር ነው፤ በአማርኛ ግን ቀለሙ ራሱ ነው። እኛም ከቀለሙ በፊት ስለ መያዣው ማሰብ ነበረብን።

ሮኬቱስ እጀታው የት ነው? የጠርሙሱ ውስጥ ነው! ቀለም የማይገባበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። የለስላሳ ጠርሙስ አፍ ውስጡ ወደ 22 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የመብራት ገመድ የሚያልፍበት ባለ 20 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ በደንብ ይገባል። ቱቦው ጠርሙሱ ውስጥ እስከ መጨረሻው ድረስ ገብቶ ቂጡን ከውስጥ ይደግፈዋል። አንገቱ ጋ ደግሞ ቱቦው ላይ ፕላስተር ጠቅልለን ክፍተቱን እንሞላለን። ሁለት የተራራቁ ነጥቦች ላይ የተያዘ ነገር አይወዛወዝም። ልብ በሉ፣ የቱቦውን ጫፍ ሞርዳችሁ ጨርቅ አልብሱት፤ ጠርሙሱን ከውስጥ ከጫረው ግፊት ሲገባ የሚቀደደው እዚያ ጋ ነው።

አሁን ወደ መሠረቱ እንምጣ፤ ጣውላችን ለምን ወደቀ? ስታቲክስ የወሰዳችሁ አስሉት። አቧራና ወረቀት የሚያነሣ ነፋስ በሰከንድ 6 ሜትር ያህል ይነፍሳል። ሮኬቱን ከጎን ስናየው 0.04 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚገፋው ኃይል ወደ 0.9 ኒውተን ይጠጋል። ይህ ኃይል ከመሬት 35 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያርፍ የመገልበጥ ሞመንቱ 0.3 ኒውተን ሜትር ነው። የሚቃወመው ክብደቱ ነው። ሮኬቱና ጣውላው አንድ ላይ 350 ግራም ቢመዝኑ፣ ጣውላው 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ነበርና ከመሐል እስከ ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሞመንቱ 0.17 ብቻ። ስለዚህ መውደቁ አይቀርም ነበር፤ ነፋሱን ያለጥፋቱ ስንወቅሰው ነው የዋልነው።

ጣውላውን ጥለን ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ አነሣን። ወርዱ 16 ሴንቲ ሜትር ነው። እስከ ግማሹ አሸዋ ሲሞላ 2.5 ኪሎ ይሆናል። አዲሱ መቆሚያ ሮኬቱን ከፍ ስለሚያደርገው ነፋሱ ወደ 0.4 ኒውተን ሜትር ያድጋል፣ የሚቃወመው ግን ከ2 ይበልጣል። ቂጡ ሰፊና ከባድ የሆነ ነገር ምን ያህል እንደሚለይ በዚህ እዩት።

ጣሳው መሐል ላይ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠን ተከልን፤ ዙሪያውን ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ። በሱ ውስጥ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይገባል። ከታች ጫፉ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ምስማር በአግድም አሳልፈንበታል። ምስማሩ ትልቁ ቱቦ አፍ ላይ ያርፍና ቱቦው እንዳይሰምጥ ይይዘዋል፤ ለጣትም እጀታ ይሆናል። ምስማሩን ስትገፉት ሮኬቱ በቦታው ይሽከረከራል፣ የሚረጨው ሰው መዞር አያስፈልገውም። ነፋሱን በጀርባው አድርጎ ይቆማል።

ክንፎቹን ለየብቻ ቀባናቸው። ለነሱ ከደረቀ የማሽላ አገዳ የተሻለ መያዣ አላገኘንም። የግራር እሾህ በክንፉ የሚጣበቅ ጠርዝ በኩል ሰክታችሁ፣ የእሾሁን ሌላ ጫፍ የተላጠው አገዳ ልብ ላይ ትተክሉታላችሁ። የአገዳው ልብ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ አጥብቆ ይይዛል። የእሾሁ ቀዳዳ ሙጫ የሚሸፍነው ጠርዝ ላይ ስለሚቀር አይታይም።

አረጫጨቱ ብዙ አያስቸግርም። ጠርሙሱን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት፤ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ቲነርና አሴቶንም አታስነኩት፣ ፕላስቲኩን ይጎዱታል። ከ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ መርጨቱን ከሮኬቱ ውጭ ጀምራችሁ ከሮኬቱ ውጭ ጨርሱ። ሦስት ስስ ሽፋን ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ወፍራሙ እንባ ያወጣል። በየመሐሉ ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ እኛን የልጆቹ "ደረቀ?" ማለት ነው ያስቸገረን። ዝናብ ፈርተን አንዴ ክፍል ውስጥ ብንረጭ ራስ ምታት ይዞን አደረ። ውጭ ርጩ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ከሰል ምድጃ አጠገቡ አይኑር።

በግማሽ ቆርቆሮ ቀለም ሮኬቱም ክንፎቹም በቁ፣ አልሐምዱሊላህ። በማግስቱ ከዐስር በኋላ መጀመሪያ በትንሽ ግፊት፣ ራቅ ብለን ሞከርነው፤ ከዚያ አራት ጊዜ ተኮስነው። ሁለቱን ጊዜ ማሽላው ውስጥ ገባ። ሠርግ ቤት የለመነው ልጅ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ እያየ "ወደ ግራ! ወደ ግራ!" ሲል ከደቂቃዎች በኋላ ይዘነው እንወጣ ነበር። በአምስተኛው ትልቅ ግራር ጫፍ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ከመንገዱ ላይ በደንብ ይታያል፤ እሾሁን ደፍሮ የሚያወርደው ግን እስካሁን አልተገኘም።