ቀመርና ግራፍ ለዓይነ ስውር ተማሪ

ጥያቄ፦ በአንኮበር የ9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ አንዲት ዓይነ ስውር ተማሪ አለችኝ። በሌሎች ትምህርቶች ጎበዝ ናት፤ ቀመርና ግራፍ ላይ ስንደርስ ግን ትቸገራለች። ምን ላድርግ?
መምህር፣ ከአንኮበር

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ችግሩ ከተማሪዋ ችሎታ ሳይሆን ከአቀራረቡ የመጣ ይመስላል። ተራ ጽሑፍ በመስመር ይነበባል፤ ክፍልፋይና ግራፍ ግን ትርጉማቸው በአቀማመጣቸው ላይ ነው። «አንድ ሲካፈል ለኤክስ ሲደመር ሁለት» ቢባል፣ ሁለቱ ከታች ይሁን ከጎን በጆሮ አይለይም። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ «ይሄ ሲደመር ያ» ከማለት ይልቅ፣ ታህቱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ እየተናገሩ ያንብቡላት። ዓይነ ስውሩ የሒሳብ ሊቅ አብርሃም ኔሜት እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው ሥርዓትም የሒሳብ ምልክቶችን በ6ቱ የብሬል ነጥቦች በማያሻማ መንገድ ለመጻፍ የተዘጋጀ ነው።

ግራፉን ካርቶን ላይ ሲባጎ በሙጫ እያጣበቁ ይሥሩት፤ ዘንጎቹ በወፍራም፣ ኩርባው በቀጭን ይሁን። ከመዳሰሷ በፊት ምን እንደሚያሳይ በአጭሩ ይንገሯት። በኮምፒውተር ሲያዘጋጁ ቀመሩን በፎቶ አይለጥፉ፤ በወርድ የእኩልታ መጻፊያ ቢጽፉት ስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ሊያነበው ይችላል።

ብሬል በደንብ ካልለመደች፣ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ይጠይቁ። ጥቂት የማየት አቅም ካላት ደግሞ የዓይን ሐኪም ቢያያት መልካም ነው። ፈተናውም ቀመሩና ግራፉ በቀረቡላት መልክ ይዘጋጅላት፤ ተጨማሪ ሰዓትም አይንፈጓት።