መነኩሴውና ነጩ ድመት

በዚህ እትም የግጥም ዓምዳችን ላይ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ግጥም ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ግጥሙን ያወቅሁት የእንግሊዝኛ መምህራችን በክበባችን ስብሰባ ላይ ወደ አማርኛ እየመለሱ ሲነግሩን ነው። የድመት ግጥም ነው ሲባል አንዳንድ ልጆች ሳቁ። እስከ መጨረሻው ሲሰሙት ግን ሁሉም ዝም አሉ። እኔማ በጣም ወደድኩት።

ግጥሙ መቼና የት ተጻፈ?

ግጥሙ "ፓንጉር ባን" ተብሎ ይጠራል። ፓንጉር የድመቱ ስም ሲሆን "ባን" ደሞ በአየርላንድ ቋንቋ ነጭ ማለት ነው። የጻፈው አንድ የአየርላንድ መነኩሴ ነው፤ ጊዜው 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ግጥሙ ከ1,100 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

መነኩሴው አገሩን ትቶ ወደ መካከለኛው አውሮፓ የሄደ ተማሪ ነበር። የሚማርበት ደብተር ነበረው። ደብተሩ እንደኛ የወረቀት ሳይሆን የብራና ነው፤ በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉት መጻሕፍት ከቆዳ የተሠራ። በውስጡ የላቲን መዝሙር፣ የሰዋስው ማስታወሻና ስለ ከዋክብት የተጻፈ ነገር አለ። በትምህርቱ መሀል ደሞ ስለ ድመቱ ይህን ግጥም ጻፈ። ደብተሩ ሳይጠፋ እስከ ዛሬ ኦስትሪያ አገር በሚገኝ የቅዱስ ጳውሎስ ገዳም ይኖራል። መጽሔታችንም በእጅ የሚጻፍ ስለሆነ ይሄ ነገር እኔን በጣም ደስ አሰኝቶኛል።

የሚገርመው፣ መነኩሴው የራሱን ስም አልጻፈም። የድመቱን ስም ግን ጻፈ!

ግጥሙ ምን ይላል?

ግጥሙ 8 አንጓዎች አሉት። እያንዳንዱ አንጓ 4 ስንኝ ስለሆነ በጠቅላላው 32 ስንኝ ነው። ሐሳቡን በራሴ አባባል ላስረዳችሁ። መነኩሴውና ፓንጉር በአንድ ቤት ውስጥ ለብቻቸው ይኖራሉ። ሁለቱም ሥራ አላቸው። ፓንጉር አይጥ ያድናል፤ መነኩሴው ደሞ የከባድ ነገርን ትርጉም ያድናል። ፓንጉር ዓይኑን ግድግዳው ላይ ይተክላል፤ መነኩሴው የደከመ ዓይኑን እውቀት ላይ ይተክላል። ፓንጉር አይጥ በጥፍሩ ሲይዝ ይደሰታል፤ መነኩሴውም ያስቸገረው ነገር ሲገባው ይደሰታል። ዝና ከማግኘት ይልቅ መጽሐፉ ጋ መቀመጥ እንደሚሻለው ይናገራል።

ዘይቤውን ልብ በሉ። ገጣሚው ለሁለቱም "መረብ" የሚለውን አንድ ቃል ነው የተጠቀመው። አይጧ የፓንጉር መረብ ውስጥ ትገባለች፤ ከባዱ ትምህርት ደሞ የመነኩሴው መረብ ውስጥ ይወድቃል። በአንድ ቃል ሁለቱን አዳኞች እኩል አደረጋቸው። ማነጻጸር ማለት እንዲህ ነው።

እኛ ቤትም ሚጣ የምትባል ድመት አለች። ማታ የሒሳብ ክፍልፋይ ስሠራ እሷ የዱቄት ማስቀመጫው አጠገብ ቁጭ ትላለች። ጆሮዋ ብቻ ይዞራል እንጂ ንቅንቅ አትልም። አንዳንድ ቀን ምንም ሳትይዝ ያድራል፤ በነጋታው ግን እዚያው ቦታ ላይ ናት። ግጥሙን ከሰማሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ እምቢ ሲለኝ ሚጣን አያታለሁ፤ ከዚያ እንደገና እሞክራለሁ።

ከግጥሙ ምን እንማራለን?

በእኛ አገር ምሳሌያዊ አነጋገር ድመት ብዙም አትመሰገንም። "ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ" እንላለን። እዚህ ግጥም ላይ ግን መነኩሴው ድመቱን አመልህን ተው አይለውም። እንዲያውም በሥራው ጎበዝ ነው ብሎ ያመሰግነዋል።

ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነው። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው አንዱ ሌላውን አይረብሽም፤ አይቀናበትምም። እኛ ክፍል ግን የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት ከተነገረ ወዲህ አንድ ዴስክ ላይ እየተቀመጡ የማይነጋገሩ ልጆች አሉ። አንዷ ደረጃ ወጣች፣ ሌላዋ አልወጣችም፤ በቃ፣ ደብተር መዋዋስ ቀረ። ድሮ አብረው ነበር ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚሄዱት። ይሄ ያሳዝናል። ፓንጉር አይጥ ስለያዘ እኮ የመነኩሴው እውቀት አይቀንስም! ሰኔ ላይ የ8ኛ ክፍል ፈተና ሁላችንንም ይጠብቀናል። ሁላችን ብናልፍ የማንም ቦታ አይጠብም። ስለዚህ የተኳረፋችሁ ልጆች፣ ይህን ገጽ አብራችሁ አንብቡት።

ይህ ግጥም ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። በ1953 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ባርበር የተባለ አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰው ዜማ ሠርቶለታል። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው "የኬልስ ምስጢር" በተባለው የካርቱን ፊልም ላይም ፓንጉር ባን የምትባል ነጭ ድመት አለች።

መልመጃ

1. መነኩሴው የራሱን ስም ትቶ የድመቱን ስም ለምን የጻፈ ይመስላችኋል?
2. "መረብ" የሚለው ቃል በግጥሙ ውስጥ ምንና ምንን ይወክላል?
3. ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ስላለ አንድ እንስሳ ባለ 4 ስንኝ ግጥም ጻፉ። የእንስሳው ሥራ ምንድን ነው? የእናንተስ?

ግጥማችሁን ለክበባችን አባላት ስጡ። የተመረጡት በሰልፍ ሰዓት ይነበባሉ፤ በሚቀጥለው እትምም ይጻፋሉ። እስከዚያው ደህና ሁኑ፣ ድመት ላይም ድንጋይ አትወርውሩ!