ሂሳባችሁን ለማን ነው የምትሰጡት? የግብር ባለሙያ አመራረጥ ለአነስተኛ ነጋዴዎች

ዛሬ ከዋጋ ዝርዝር ወጣ ብለን አንድ ትምህርት እናቀርባለን።

ኩንታል ላይ 50 ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን የምንከራከር ሰዎች፣ የዓመት ሂሳባችንን ግን "ርካሽ ነው" ለተባለ ሰው ዝም ብለን እናስረክባለን። ጉዳቱ የሚታየን ኦዲት ሲመጣ ነው።

የኛ ሥራ ለምን ይለያል?

የእህልና የሸቀጥ ንግድ ሽያጩ ትልቅ፣ ትርፉ ግን ቀጭን ነው። በምሳሌ እንየው (ቁጥሩ ለስሌት ብቻ ነው፣ የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደለም)፦

▪️ በወር 50 ኩንታል ጤፍ በ14,000 ተገዝቶ በ14,400 ብር ተሸጠ
▪️ ሽያጭ፦ 720,000 ብር
▪️ ግዢ፦ 700,000 ብር
▪️ ልዩነት፦ 20,000 ብር (ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ጫኝና አውራጅ ገና አልተቀነሰም)

አሁን የ10 ኩንታል ግዢ ማስረጃ የለም እንበል። 140,000 ብር ወጪ ተቀባይነት አጣ ማለት ነው። 20,000 የነበረው ልዩነት በወረቀት ላይ 160,000 ሆነ፤ ስምንት እጥፍ! ኪሳችሁ ባልገባ ትርፍ ላይ ግብር ትጠየቃላችሁ።

ስለዚህ የባለሙያው ዋና ሥራ በዓመት አንዴ ፎርም መሙላት ሳይሆን በየወሩ የግዢ ማስረጃችሁን ማሟላት ነው። ስትመርጡም በዚህ መዝኑት።

ማን ምንድነው?

ጉዳይ አስፈጻሚ ወረቀት ያመላልሳል እንጂ ሂሳብ አይሠራም። አካውንታንት መዝገብ ይይዛል፣ ማስታወቂያ ያዘጋጃል። "የተመሰከረልኝ ኦዲተር ነኝ" የሚል ሰው ደግሞ ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የታክስ ወኪልነትም በታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም፤ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑንም እዩ።

ከመቅጠራችሁ በፊት ጠይቁ

1. "ደረሰኝ ከማይሰጥ ገበሬ ስገዛ ማስረጃውን እንዴት ነው የምናዘጋጀው?" ጥሩ ባለሙያ የሻጩን ስም፣ መጠኑን፣ ዋጋውን፣ ቀኑንና ፊርማውን በምን ሰነድ እንደምትይዙ፣ ክፍያው በባንክ ቢሆን ምን እንደሚጠቅም ያስረዳችኋል። "ግድ የለም፣ ደረሰኝ እናፈላልጋለን" ካላችሁ ግን ተሰናበቱት። ላልገዛችሁት ዕቃ ደረሰኝ መግዛት እስራት የሚያስከትል ወንጀል ነው፤ ቲን ቁጥሩም የእናንተ እንጂ የሱ አይደለም።

2. "ከምሸጣቸው ዕቃዎች ቫት ያለበት የትኛው ነው? የሌለበትስ?" ምን እንደምትሸጡ በዝርዝር ሳይጠይቅ መልስ የሚሰጥ ሰው አያዋጣም። 15 በመቶ እኮ ከኛ ትርፍ በላይ ነው። ከደንበኛ ካልሰበሰባችሁት ከራሳችሁ ኪስ ይወጣል።

3. "በወር ስንት ጊዜ መጥተህ ሰነድ ታያለህ?" ዓመቱን ሙሉ ጠፍቶ በጥቅምት የሚመጣ ሰው የጎደለ ደረሰኝ ሊያገኝላችሁ አይችልም።

4. "ክፍያህ ምን ምን ያካትታል?" ወርሃዊ ማስታወቂያ፣ የዓመት ሂሳብ፣ ኦዲት ሲመጣ መቅረብ፣ የቅሬታ ደብዳቤ፦ እያንዳንዱ በውል ይጻፍ። በአዋጅ 983/2008 በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ያኔ ስልኩን የማያነሳ ባለሙያ ምን ያደርጋል?

5. "እንደኔ ዓይነት ሥራ ያላቸው ደንበኞች አሉህ?" ሁለቱን ደውላችሁ አነጋግሩ።

ከእጃችሁ የማይወጡ ነገሮች

▪️ የኢ-ታክስ የይለፍ ቃል። የተመዘገበው ስልክና ኢሜይል የእናንተ ይሁን፤ በሱ ስልክ ከተመዘገበ፣ በተጣላችሁ ቀን የራሳችሁን ሂሳብ መክፈት ያቅታችኋል።
▪️ ኦሪጅናል ደረሰኞች። ለሱ ኮፒ ይበቃዋል፤ ኦሪጅናል ከወሰደም ፈርሞ ይውሰድ።
▪️ የቀረበ ማስታወቂያና የተከፈለበት ደረሰኝ ኮፒ፣ በየወሩ።
▪️ የግብሩ ገንዘብ። በራሳችሁ ክፈሉ እንጂ በባለሙያው የግል አካውንት አታስገቡ።

ሽሹ የሚያስብሉ ምልክቶች

"ገቢዎች ውስጥ ሰው አለኝ" የሚል፣ ክፍያውን "ካስቀነስኩልህ ላይ በፐርሰንት" የሚያደርግ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የሚያስፈርም፣ ደረሰኝ ሳያይ "ዘንድሮ ይህን ያህል ትከፍላለህ" ብሎ የሚገምት።

አንድ ነገር አትርሱ። ማስታወቂያ ከዘገየ በዚሁ አዋጅ ላልተከፈለው ግብር በየወሩ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ቅጣት አለ። "አካውንታንቱ ረስቶት ነው" የሚለውን ገቢዎች አይቀበልም። ቅጣቱ የሚጻፈው በእናንተ ስም ነው።

የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋዮች የዓመት ሂሳብ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ የማሳወቂያው ቀነ ገደብ ደግሞ ጥቅምት 30። ባለሙያ የምትፈልጉት በጥቅምት መጨረሻ ሳይሆን በሐምሌ መጀመሪያ ይሁን። ያለፈባችሁ ደግሞ ከዚህ ወር ደረሰኝ ጀምሩ።

ለምታውቁት ነጋዴ ሼር አድርጉለት። ነገ ጠዋት በእህል ዋጋ እንገናኛለን። መልካም ገበያ!