ይህ መሬት የማን ነው?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ በስድስተኛ ክፍል የኅብረተሰብ ትምህርት ሳስተምር የደረሰብኝን ነገር ለእጩ መምህራን ጓደኞቼ ባካፍል ይጠቅማል በማለት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። የጽሑፉ ዓላማ ሁለት ሕዝቦች የሚከራከሩበትን መሬት ታሪክ በክፍል ውስጥ እንዴት እንደምናስተምር ማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመካከለኛውን ምሥራቅ ካርታ ሰቅዬ እስራኤልንና የፍልስጤም ግዛቶችን ሳሳይ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ መሬቱ ግን የማን ነው?» አለኝ። ከ2023 ወዲህ ስለ ጋዛው ጦርነት በየዜናው የሚሰሙ ልጆች ስለሆኑ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም ነበር። እኔ ግን አልተዘጋጀሁበትም። ቶሎ ብዬ «ለአብርሃም ዘር የተሰጠ ነው» አልኩና ወደ ዮርዳኖስ ወንዝ ለማለፍ ፈለግሁ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «ቲቸር፣ እስማኤልስ የአብርሃም ልጅ አይደለም እንዴ?» አለች። ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መልስ ስላልነበረኝ «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን» ብዬ አለፍኩት። ልጅቷ ፊቷ ጠቁሮ ተቀመጠች።

ማታ ሳስበው ሁለት ስሕተት መሥራቴ ገባኝ። አንደኛ፣ የአንድ ወገን እምነት የሆነውን ነገር የታሪክ መልስ አድርጌ ሰጠሁ። ሁለተኛ፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች በአንድ ወንበር በሚማሩበት ክፍል ግማሾቹን ባለቤት፣ ግማሾቹን እንግዳ አደረግኋቸው። ስለዚህ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ማንበብ ጀመርኩ። ጥያቄውን በአገር ሙሉ ከመያዝ በአንዲት ከተማ መያዝ እንደሚቀል ስለተረዳሁ ኬብሮንን መረጥኩ።

1. ኬብሮን እንዴት ያለች ከተማ ናት?

ኬብሮን ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራማ ቦታ ላይ ትገኛለች። ዓረቦች አል-ኸሊል ይሏታል፤ ትርጉሙ «ወዳጅ» ሲሆን የእግዚአብሔር ወዳጅ የተባለውን አብርሃምን ያስታውሳል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 እንደተጻፈው፣ አብርሃም ሚስቱ ሣራ በሞተች ጊዜ የማክፌላን ዋሻ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር የገዛው እዚህ ነው። በዋሻው ላይ ያለው ሕንፃ በየዘመኑ ባለቤቱ ተለዋውጧል። በቢዛንታይን ዘመን ቤተ ክርስቲያን፣ በኋላ መስጊድ፣ በመስቀል ጦረኞች ጊዜ እንደገና ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም መስጊድ ሆነ። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967 አይሁድ ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክለው ከውጭው ደረጃ ከሰባተኛው በላይ አይወጡም ነበር። ዛሬ አይሁድ የአባቶች መቃብር፣ ሙስሊሞች የኢብራሂም መስጊድ ይሉታል።

2. ሁለቱ ወገኖች ምን ይላሉ?

ሀ. አይሁድ፦ በመጽሐፋቸው እንደተጻፈ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ከመሄዱ በፊት ሰባት ዓመት ተኩል በኬብሮን ነግሧል። ከዚያም ወዲህ የአይሁድ ቤተሰቦች ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረውባታል። በነሐሴ 1929 በተነሣው ሁከት 67 አይሁድ በከተማዋ ተገደሉ። በዓረብ ጎረቤቶቻቸው ቤት ተደብቀው የተረፉም ብዙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ አገሩን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት የተረፉትን ከከተማዋ አስወጣቸው። እስራኤል በ1967ቱ ጦርነት ከተማዋን ስትይዝ አንዳንድ አይሁድ «ወደ ተነቀልንበት እንመለሳለን» ብለው ከ1968 ጀምሮ መሥፈር ጀመሩ።

ለ. ፍልስጤማውያን፦ እነሱም ወይን እየተከሉ፣ መስታወት እየሠሩ ለብዙ ትውልድ በከተማዋ ኖረዋል። በ1922 በእንግሊዝ አስተዳደር በተደረገው ቆጠራ በፍልስጤም ከነበረው 757 ሺህ ያህል ሕዝብ አይሁድ 84 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ አብዛኛው ዓረብኛ ተናጋሪ ነበር። በ1948ቱ ጦርነት ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ሸሽተው ወይም ተባርረው ቤታቸውን አጡ፤ እንዲመለሱም አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ «አይሁድ በ1929 የለቀቁትን ቤት ከጠየቁ እኛ በ1948 የለቀቅነውን ለምን አንጠይቅም?» ይላሉ። በየካቲት 1994 አንድ ሠፋሪ በመስጊዱ ውስጥ በሚሰግዱ ሰዎች ላይ ተኩሶ 29 ገደለ። ከዚያ በኋላ ሕንፃው ለሁለት ተከፍሎ አይሁድና ሙስሊሞች በተለያየ በር ይገባሉ። በ1997 ስምምነት ከከተማዋ 80 ከመቶ ያህሉ ለፍልስጤም አስተዳደር ሲሰጥ 20 ከመቶ ያህሉ በእስራኤል ጦር እጅ ቀረ። በዚህኛው ክፍል በመቶ የሚቆጠሩ ሠፋሪዎችና በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ፍልስጤማውያን ይኖራሉ። ሠፋሪው በእስራኤል የሲቪል ሕግ ሲዳኝ ፍልስጤማዊው ጎረቤቱ በጦር ሕግ ይዳኛል።

3. «ማን ቀደመ?» የሚለው ጥያቄ ለምን አይበቃም?

አብርሃም ዋሻውን የገዛው ከኬጢያዊ ነው። እንግዲህ ጽሑፉ ራሱ ከአብርሃም በፊት ባለ መሬት እንደነበረ ይነግረናል ማለት ነው። ወደ ኋላ እየቆጠርን ብንሄድ ማለቂያ የለውም፤ ሁሉም ቆጠራውን የሚያቆመው ለራሱ በሚመቸው ዘመን ላይ ነው።

ይህ የሌላ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። በኢየሩሳሌም በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው በዴር ሡልጣን ገዳም የኢትዮጵያና የግብፅ መነኮሳት ለብዙ ዘመን ተከራክረዋል። በ1970 ቁልፉ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ፤ በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለግብፆቹ እንዲመለስ ሲወስን መንግሥት ጉዳዩን እንዲመረምር ጊዜ ሰጠ፤ ክርክሩም አልተቋጨም። ከመካከላችን የግብፆቹን ማስረጃ ጠይቆ የሚያውቅ ማነው? የራሳችን ማስረጃ ግልጽ ሆኖ የሚታየን ሌላውን ስላልሰማን ሊሆን ይችላል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር እኩል ነው፣ ፍርድ የለም ማለት አይደለም። በጦርነት በተያዘ መሬት ላይ ስለሚደረግ ሠፈራ የዓለም ሕግ አለ። በሐምሌ 2024 ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ባወጣው የምክር አስተያየት እስራኤል በ1967 በያዘቻቸው የፍልስጤም ግዛቶች መቆየቷ ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጿል፤ እስራኤል አስተያየቱን አልተቀበለችውም። አስተያየቱ የቆመው በአሁኑ ዘመን ሕግ ላይ ነው፤ በዳዊት ዘመን ማን ይኖር እንደነበር በመቁጠር አይደለም።

4. በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ልጅቷን «ጥያቄሽ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ከዚያ ጥቁር ሰሌዳውን በሦስት ከፈልኩ፦ «የሆነው ነገር»፣ «ከሆነው ነገር ተነሥቶ የሚጠየቀው መብት»፣ «ዛሬ በዚያ የሚኖረው ሰው»። ተማሪዎቹ ያነበብኩላቸውን እያንዳንዱን ነገር የት እንደሚጻፍ እየተከራከሩ አስጻፉኝ። አንዱ ልጅ «የ1929ና የ1994 ሟቾች በአንድ ዓምድ ገቡ እኮ!» አለ። በመጨረሻ ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 ቁጥር 9ን አነበብኩላቸው። አብርሃምን በማክፌላ ዋሻ የቀበሩት ሁለቱ ልጆቹ፣ ይስሐቅና እስማኤል፣ አብረው እንደሆነ ተጽፏል።

ያ የመጀመሪያው ልጅ «ታዲያ የማን ነው?» ብሎ ደገመኝ። ታሪክ ሁለቱም ሕዝቦች እንዴት እዚያ እንደተገኙ ይነግረናል፤ አንዱ ሌላውን እንዲያስወጣ ግን ፈቃድ አይሰጥም አልኩት። ሙሉ መልስ አለመሆኑን አውቃለሁ። ከመጀመሪያው መልሴ ግን ይሻላል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ በሚነሣ የድንበር ክርክር ሁለቱ ወገኖች ቆጠራቸውን የሚጀምሩት ከየትኛው ዘመን ነው?
2. «የተያዘ መሬት» እና «አከራካሪ መሬት» በሚሉት አጠራሮች መካከል ምን ልዩነት አለ? አስተማሪ የትኛውን ሲጠቀም ምክንያቱን ለተማሪዎቹ እንዴት ያስረዳል?
3. ተማሪ መልስ የሌላችሁን ጥያቄ ቢጠይቃችሁ ምን ትላላችሁ?